ወረንጦ የያዙ የባሕር ኮከቦች

ዛሬ ጠዋት አልካይ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወርደን ነበር። ሲያትል ውስጥ በበጋ ውሃው እንዲህ ርቆ የሚሸሽባቸው ቀናት ብዙ አይደሉም። ልጄ ቀድማኝ ሮጣ አለቱ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ወይን ጠጅ የባሕር ኮከብ አገኘች። ትንሽ እልፍ ብሎ ደግሞ ብርቱካናማ ነበር።

"እማዬ፣ ይሄኛው ሌላ ዓይነት ነው አይደል?"

አይደለም። ሁለቱም አንድ ዝርያ ናቸው፤ ፒሳስተር ኦክራሴየስ ይባላሉ። የሰው መልክ እንደሚለያየው የእነሱም ቀለም ይለያያል።

ብዙዎቻችን ኮከብ ዓሣ እንላቸዋለን፤ ግን ዓሣ አይደሉም። ዘመዳቸው የባሕር ጃርት ነው። ቤተሰባቸው፣ በሥነ ሕይወት ቋንቋ አስተኔያቸው፣ አስቴሪይዴ ይባላል። እኔን የሚገርመኝ ከዚህ ቤተሰብ በላይ ያለው ክፍለ መደብ ስም ነው፤ ፎርሲፑላቲዳ። ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው፤ ትንሽ ጉጠት ማለት ነው። ቆዳቸው ላይ እሾሁን ከበው የተተከሉ በዓይን የማይለዩ መቆንጠጫዎች አሉ። ልክ እንደ እሾህ ማውጫ ወረንጦ! ቆዳቸው ላይ ሊያርፍ የመጣውን ሁሉ ይነክሳሉ። ልጄ የክንዷን ቆዳ ጀርባው ላይ በቀስታ አሳረፈች። ስታነሳው ያዝ አደረጋት፤ በደስታ ጮኸች።

ሆዱን ገልብጬ ላሳያት አልፈለግሁም፤ ከአለቱ በግድ ሲላቀቅ እግሮቹ ይበጠሳሉ። በቃል ነገርኳት። ከእያንዳንዱ ክንድ ሥር በአራት ረድፍ የተደረደሩ ቱቦ እግሮች አሉ፤ ሌሎች የባሕር ኮከቦች ግን አብዛኞቹ ሁለት ረድፍ ነው ያላቸው። በእነዚህ እግሮች ሙስል የሚባለውን ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ ቅርፊቶች ይዞ ይጎትታል። እንደ ወረቀት የቀጠነ ክፍተት ካገኘ ይበቃዋል። ጨጓራውን ከአፉ አውጥቶ ያስገባና እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ ይፈጨዋል።

እ.ኤ.አ. በ1963 ሮበርት ፔይን የሚባል ተመራማሪ ከዚሁ ዋሽንግተን ግዛት፣ ማካ ቤይ ከሚባል ቦታ፣ ፒሳስተርን ከአለት እያላቀቀ ወደ ባሕር ይወረውር ጀመር። ሙስል አለቱን ወረረው። 15 የነበሩት ዝርያዎች ወደ 8 ወረዱ። አንድ እንስሳ ሲጎድል ሰፈሩ ሁሉ ጠበበ።

ይህን ሳስብ በ2013 የጀመረው በሽታ ትዝ ይለኛል። የባሕር ኮከቦቹ ቆስለው፣ ክንዳቸው እየተገነጠለ፣ ሟሙተው አለቁ። ክፉኛ የተመታው የዚሁ ቤተሰብ ትልቁ ልጅ ፒክኖፖዲያ ነው። ከ20 በላይ ክንድ ሊያወጣ፣ አንድ ሜትር ገደማ ሊሰፋ ይችላል። ከ90 በመቶ በላይ አልቋል። ገዳዩ ቪብሪዮ ፔክቴኒሲዳ የሚባል ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው በ2025 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ዜናውን ያነበብኩ ቀን እፎይ ብያለሁ፤ ቢያንስ አሁን ጠላቱ ስም አለው።

ልጄ ብዙ ክንድ ያለውን ላገኝ ብላ ውሃው እስኪመለስ ድረስ ስንጥቁን ሁሉ አየች። የቆጠርነው 11 ነው፤ ሁሉም ባለ 5 ክንድ።