ከኩይሳው ሥር የወጣው እንጉዳይ

ዛሬ በናሚቢያ፣ ከኦካሃንጃ ወደ ኦቺዋሮንጎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት እናት ትንሽ ሰፌድ የሚያህል እንጉዳይ ከፍ አድርገው ለአላፊ መኪና ሲያሳዩ አግኝቼ ቆምኩ። ኦማጆዋ ይባላል፤ በጥርና በየካቲት አካባቢ ዝናቡ ሲበረታ ከምስጥ ኩይሳ ሥር ይወጣል።

ገልብጬ ሳየው ግንዱ አልተነቀለም። በቢላዋ ከአፈሩ ወለል ላይ ተቆርጧል፤ ዳር ዳሩንም የኩይሳው ቀይ አፈር ገና እንደረጠበ ተጣብቆበታል። ከነሥሩ ለምን እንዳልነቀሉት ስጠይቃቸው፣ «ቤቱን ካፈረስኩት የከርሞውን ማን ይሰጠኛል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የዚህ እንጉዳይ ገበሬዎች ምስጦቹ ራሳቸው ናቸው፤ የደረቀ ሣርና እንጨት ወደ ጎጇቸው አስገብተው ፈንገሱን ያሳድጉበታል፣ ፈንገሱም በቀላሉ የማይፈጨውን እንጨት አላልቶ መልሶ ይመግባቸዋል። ኩይሳው በዶማ ከተናደ ይህ ሁሉ የረጅም ጊዜ ሥራ አብሮ ይፈርሳል፤ ስለዚህ የእኚህን እናት አቆራረጥ እንደ ትልቅ ሙያ እቆጥረዋለሁ።

በዚያው መንገድ ሌሎችም ሻጮች ቆመው ነበር። ዝናቡ በቀረበት ዓመት ግን ለቅመው የሚሸጡት አያገኙም።