«አይቼዋለሁ» የሚለውን መልስ እንዴት እንደለካሁት

ቃላት አስጠንቶ ቆይቶ የታዩትን ከአዲስ በሚያስለይ የትዝታ ፈተና አንድ ተሳታፊ ካጠናቸው ቃላት 90 በመቶውን «አይቼዋለሁ» አለ፤ ሌላው 80 በመቶውን። የመጀመሪያው የተሻለ ያስታውሳል ማለት ግን ችኮላ ነው። ጨርሶ ላልታዩ ቃላትም የመጀመሪያው 40 በመቶ፣ ሁለተኛው 20 በመቶ «አይቼዋለሁ» ካሉ ፍርዱ ይገለበጣል። መጠኖቹን በኖርማል ስርጭት ወደ ዜድ ነጥብ (ከአማካዩ በስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚለካ ርቀት) ቀይሬ አንዱን ከሌላው ስቀንስ (ልዩነቱ ዲ-ፕራይም ይባላል) የመጀመሪያው 1.53፣ ሁለተኛው 1.68 ይወጣል። የመጀመሪያው ሰው «አዎ» ለማለት ይፈጥናል እንጂ ትዝታው አይበልጥም፤ የውሳኔ መስመሩ («አዎ» ለማለት የሚበቃው የትዝታ ጥንካሬ) −0.51 ላይ ሲሆን የሌላው ዜሮ ላይ ነው። አዲስ ቃል ያልተቀላቀለበት ፈተና ይህን ከቶ ሊያሳይ አይችልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ክርክር የከበደ ነው። አንደኛው ወገን ለይቶ ማወቅ የአንድ ጥንካሬ ጉዳይ ነው ይላል፦ የታየውም ያልታየውም ቃል የተወሰነ የትዝታ ጥንካሬ አለው፣ መስመሩን ያለፈ «አይቼዋለሁ» ይባላል። ሌላው ወገን ሁለት ሂደት አለ ይላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማንድለር በ1980 የሰጠው ምሳሌ ይታወቃል፦ አውቶቡስ ውስጥ ያየነው ሰው መልኩ አዲስ አይሆንብንም፣ ማን እንደሆነ ግን አይመጣልንም፤ ቆይቶ ሥጋ ሻጩ መሆኑ ትዝ ይለናል። የመጀመሪያው የመተዋወቅ ስሜት፣ ሁለተኛው ዝርዝር ትዝታ ነው። ሌላው ተመራማሪ ዮኔሊናስ በ1994 ይህን ወደ ሒሳብ ቀይሮታል።

«አዎ» እና «አይ» ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ሁለቱን ሐሳቦች ሊለያቸው አይችልም፤ ከአንድ ሰው የሚገኙት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸውና። ስለዚህ በስድስት ደረጃ የእርግጠኝነት መለኪያ ተጠቀምኩ፦ 6 «በእርግጥ አይቼዋለሁ»፣ 1 «በእርግጥ አዲስ ነው»። ይህ አምስት ነጥብ ያለው የአር.ኦ.ሲ. መስመር (ለታዩ ቃላት የተሰጠውን «አዎ» ለአዲሶቹ ከተሰጠው ጋር የሚያሳይ ሥዕል) ይሰጣል።

አቀራረቡ እንዲህ ነበር። 120 ቃላትን በርዝመትና በአዘውታሪነት አመጣጥኜ ለሁለት ከፈልኩ። ግማሹ ተሳታፊ አንደኛውን ዝርዝር፣ ግማሹ ሁለተኛውን ያጠናል፤ ያልተጠናው ዝርዝር በፈተናው «አዲስ» ይሆናል። ከፊትና ከኋላ አራት አራት የማይፈተኑ ቃላት ጨመርኩ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ለብቻቸው ይጠነክራሉ። እያንዳንዱ ቃል 2 ሰከንድ ይታያል፣ መሃል ላይ ግማሽ ሰከንድ ባዶ ነው። ከዚያ 5 ደቂቃ በሦስት በሦስት ወደ ኋላ መቁጠር፣ ቀጥሎ 120ዎቹ ተደባልቀው ይቀርባሉ።

የቃል ምርጫው ከሒሳቡ ይበልጣል። ብዙም የማይዘወተሩ ቃላት ሲጠኑ ይበልጥ ይታወቃሉ፣ አዲስ ሲሆኑ ደግሞ በስህተት «አይቼዋለሁ» የሚባሉት ያንሳሉ፤ በአንድ ወገን ከተከማቹ ውጤቱ የትዝታ ሳይሆን የዝርዝሩ ይሆናል። ከአንድ ሥር የወጡ ቃላትም (ጸሐፊ ተጠንቶ ጽሑፍ አዲስ ሲሆን) የሐሰት «አዎ»ን ያበዛሉ። ሥዕል መጠቀም የሚያጓጓ ቢሆንም ሸፐርድ በ1967 ወደ 600 ያህል ሥዕሎች አሳይቶ ከጥንድ የታየውን አስመርጦ ሲፈትን ትክክለኛው መልስ ከ95 በመቶ በላይ ነበር። ሁሉም ጣሪያ ከነካ ሞዴል ማወዳደሪያ አይተርፍም።

ስሌቱ ላይ መልሶቹን ከ6 ጀምሬ ወደ ታች ደመርኩ፦ መጀመሪያ 6 ብቻ፣ ከዚያ 6 እና 5፣ እንዲህ እያለ። ዲ-ፕራይም ሲሰላ ከ60ው ስልሳው «አዎ» ከሆነ ዜድ ወሰን የለውም፤ ለዚህ የ«አዎ» ብዛት ላይ 0.5፣ ጠቅላላው ላይ 1 እጨምራለሁ፣ 60.5 ለ61 ይሆናል። ይህን ማስተካከያ ለሁሉም ተሳታፊ እንጂ ለተቸገረው ብቻ ማድረግ አይገባም።

የዜድ ነጥቦቹ ሲሳሉ ቁልቁለታቸው አብዛኛውን ጊዜ 0.8 አካባቢ ነው እንጂ 1 አይደለም። የአንድ ሂደት ሞዴል ይህን የሚያብራራው የታዩት ቃላት ስርጭት ሰፊ ነው በማለት ነው፦ የአዲሱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 1 ከሆነ የታየው 1.25። የሁለት ሂደት ሞዴል ደግሞ ከታዩት ቃላት የተወሰኑት በዝርዝር ትዝታ ቀጥታ 6 ያገኛሉ ይላል። ሁለቱም ሰባት ሰባት ያልታወቁ ቁጥሮች አሏቸው (አምስት የውሳኔ መስመሮችና ሁለት ሌሎች)፣ ዳታው አሥር ነጻ ቁጥሮች ይሰጣል፤ ስለዚህ የቱ የተሻለ እንደገጠመ ለቁጥሮች ብዛት ቅጣት ሳይጨመር ማነጻጸር ይቻላል። ያልታወቁትን ቁጥሮች የሚፈልገው ፕሮግራም የውሳኔ መስመሮቹን ቅደም ተከተል እንዳያፋልስ የመጀመሪያውን ብቻ በነጻ ተውኩ፣ የተቀሩትን የክፍተታቸው ሎጋሪዝም አድርጌ ሰጠሁት። ከተለያየ መነሻ ደጋግሞ ማስጀመር ግድ ነው፣ አለዚያ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

ለነጠላ ቃል የሁለቱ ሞዴሎች ልዩነት ጠባብ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ጥንድ ቃላት ተጠንተው ፈተና ላይ አንዳንዶቹ ጥንዶች እንደተጠኑ፣ ሌሎቹ አጋራቸው ተቀያይሮ ሲቀርቡ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል በተናጠል የታወቀ በመሆኑ የመተዋወቅ ስሜት ብዙም አይረዳም። እኔ ብጠየቅ ሞዴል ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ።

ቱልቪንግ በ1985 ያቀረበው «አስታውሳለሁ» ወይስ «አውቃለሁ» የሚለው ጥያቄ ርካሽ አማራጭ ነው፣ ግን ተሳታፊዎች በቀላሉ «እርግጠኛ ነኝ» እና «እርግጠኛ አይደለሁም» አድርገው ይወስዱታል። «አስታውሳለሁ» ላሉት ጥቂት ቃላት ምን እንደታወሳቸው እንዲጽፉ ማድረግ ይህን ይቀንሳል። «አውቃለሁ» የሚለውም በጥሬው አይነበብም፦ ሁለቱ ሂደቶች አንዱ ሌላውን አይጠብቁም ከተባለ፣ 50 በመቶ «አስታውሳለሁ» እና 30 በመቶ «አውቃለሁ» ያለ ሰው የመተዋወቅ መጠኑ 0.30 «አስታውሳለሁ» ላልተባሉት 0.50 (1 − 0.50) ተካፍሎ፣ ማለትም 60 በመቶ ነው።

ሞዴሉን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ነው የማስገባው። የሁሉንም መልስ በአንድ ቋት መጨመር ችኩሉንና ቆጣቢውን ያደባልቃል፣ ዲ-ፕራይምንም ያሳንሳል። 6 እና 1ን ብቻ የተጫነ ተሳታፊ ግን አንድ ነጥብ ብቻ ስላለው ከሞዴል ማወዳደሪያው ይወጣል፤ ዲ-ፕራይሙ ይቆጠራል።