«መሰለኝ» የነበረ ቃል

ዛሬ በዕድራችን ስብሰባ መዋጮ በስልክ ይከፈል ወይስ እንደ ልማዱ በእጅ የሚል ክርክር ተነሣ። ሰብሳቢው «በእጅ» ካሉ ወዲያ ንቅንቅ አልል አሉ። ወጣቱ ጸሐፊ ትዕግሥቱ አልቆ «እርስዎ እኮ ዶግማቲክ ነዎት!» አላቸው። ሰብሳቢው ፊታቸውን አጠቆሩ። ከአጠገቤ የተቀመጡት መሪጌታ ግን «ዶግማ ከጠበቁማ ይበል ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመሪጌታ አልፈርድም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዶግማ ማለት የማይሻሻል የእምነት መሠረት ነው፤ ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ። ሊሻሻል የሚችለው ሥርዓት ቀኖና ይባላል። (የዕድር መዋጮ ቢበዛ ቢበዛ ቀኖና ነው።)

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ስለዚህ ቃል ሲያስቡ የከተማዋ ታሪክ ራሱ ይመጣል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለእመቤታችንና ለመስቀል አንሰግድም አሉ የተባሉትን የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት፣ ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ በድንጋይ አስወገሩ። ከዚያ በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብለው ከተማዋን በዚያው ቆረቆሩ፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ብርሃኑን የጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ይህን ታሪክ በኩራት ሲያወሩልኝ ኖረዋል፤ እኔን ግን የብርሃኑ ነገር ሳይሆን የድንጋዩ ነው የሚከነክነኝ።

ደብረ ሊባኖስም ሩቅ አይደለም። ክርስቶስ ከአብና ከማርያም ከመወለዱ ሌላ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት አለው የሚለው የሦስት ልደት ትምህርት ዋና መናኸሪያ እርሱ ነበር፤ ሸዋም በብዛት ይከተለው ነበር። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ያ ትምህርት ተወገዘ። ትናንት መምህር ለተማሪው በአደባባይ ያስተማረው በማግስቱ ክሕደት ሆነ ማለት ነው።

የሚገርመው የቃሉ ሥር ነው። በግሪክኛ ዶግማ የወጣው «መሰለኝ፣ እንዲህ ታየኝ» ከሚል ግስ ነው። አንድ ሰው እውነት መስሎ የታየው ሐሳብ ዶግማ ነበር፤ ቆይቶ ጉባኤ ወይም ገዢ ሲወስነው አዋጅ ሆነ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ከአውግስጦስ ቄሣር ወጣች የተባለችው «ትእዛዝ» በግሪክኛው ዶግማ ናት። ቃሉን ወደ ወቀሳ ያስጠጉት ተጠራጣሪ የሚባሉት ፈላስፎች ናቸው፤ እነርሱ ገና እየፈለጉ ሳለ «እውነትን አግኝተናል» ብለው ፍለጋቸውን ያቆሙትን በዚህ ስም ጠሩ።

ለሰብሳቢያችን ይህ ሁሉ አይገባም። ለእርሳቸው ዐይነቱ ከጥንት የተዘጋጀ አማርኛ አለ፤ ግትር፣ ችኮ፣ ሲከፋም «ብትበርም ፍየል ናት»። ያ ሰውዬ ከሩቅ ያያት ቁራ ክንፏን ዘርግታ ስትነሣ እያየ እንኳ ፍየል ናት ከማለት አልተመለሰም። እርሱ የሚጠብቀው እምነት የለውም፤ ከአፉ የወጣችውን ነው የሚጠብቀው። ሰብሳቢያችንም የሚጠብቁት የተናገሩትን ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ባያውቀውም ትልቅ ማዕርግ ሰጥቷቸዋል።