ከዋርሶ ይዤው የመጣሁት ወረቀት

ዋርሶ የገባሁት አርብ ማታ ነው። የተከራየሁት ክፍል ከትራም ሐዲድ ጥግ ስለሆነ መስኮቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አደረ፤ ማሞቂያው ደግሞ ቢያሽከረክሩትም አይዘጋም። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ቢሆንም ከአልጋዬ የተነሳሁት ደስ ብሎኝ ነው። የፖላንድን የድሮ የፊልም ፖስተሮች ለዓመታት ያየሁት በስልክ ብቻ ነበር።

ጠዋት በ116 ቁጥር አውቶቡስ ቪላኑፍ የሚባለው፣ የድሮ ቤተ መንግሥት ያለበት ሰፈር ወረድኩ። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተው የፖስተር ሙዚየም አለ፤ ለፖስተር ብቻ ተብሎ በዓለም የመጀመሪያው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፊልም የሚያከፋፍለው መንግሥት ስለነበር፣ ሠዓሊዎቹ የተዋናይ ፎቶ በትልቁ ለጥፈው ትኬት የመሸጥ ግዴታ አልነበረባቸውም። ስለዚህ ፊልሙን አይተው የተሰማቸውን ሣሉ። ሠዓሊው ቪክቶር ጉርካ በ1973 ለ«ካባሬ»፣ ናዚዎች ሥልጣን ሊይዙ ሲቃረቡ በርሊን ውስጥ ስላለ የጭፈራ ቤት ለሚተርከው ፊልም፣ የሠራውን ያየ ሰው አይረሳውም፦ የዳንሰኞች እግሮች ተጠላልፈው የናዚን መስቀል ይሠራሉ፣ መሐሉ ላይ አንድ ፊት። ያን ሁሉ ታሪክ አንድ ወረቀት ላይ!

ከሰዓት በኋላ አሮጌው ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ የ1950ዎቹ ኦሪጅናል ነው ብሎ 350 ዝሎቲ አስከፈለኝ። ማታ ክፍሌ ውስጥ ስዘረጋው ወረቀቱ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው፤ ስለካው 70 በ100 ሴንቲ ሜትር። የዚያ ዘመን የፖላንድ ፖስተር ደግሞ 58 በ84 አካባቢ ነው። በማጉያ መነጽር ሳየው ጽሑፉ ራሱ በነጠብጣብ ተበትኗል፤ ከፎቶ ላይ ኋላ የታተመ ቅጂ ነው ማለት ነው። ገንዘቡ አልነበረም ያንገበገበኝ፤ እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ መነገጃ መሆኑ ነው።

እሑድ ኮዎ የሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄድኩ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ከሸክላ ሳህኖችና ከሜዳልያዎች መካከል አንዲት አሮጊት ወረቀቶቻቸውን በካርቶን መሐል ደርድረው ተቀምጠዋል፤ የልጅ ልጃቸው ያስተረጉማል። የተታለልኩበትን ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። ጓንታቸውን አውልቀው አንድ ፖስተር አወጡና የታችኛውን ጠርዝ በጥፍራቸው ጠቆሙኝ፦ የማተሚያ ቤቱ ስምና ቁጥር፣ ከሩዝ ፍሬ ባነሱ ፊደሎች፣ ጥርት ብለው። ከዚያ ገለበጡት። «መጀመሪያ ጀርባውን እይ» አሉኝ በልጁ አንደበት። ጀርባው ቢጫ ሆኗል፤ አራቱም ማዕዘን ላይ ሙጫ ቡኒ ምልክት ትቷል።

ፖስተሩ ሰምቼው ለማላውቀው ኮሜዲ የተሠራ ነው፤ ቀይ ጃንጥላ የያዘ አንገት የሌለው ሰው። አራት ቦታ ታጥፎ የኖረ ስለሆነ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ሳስቷል። ከታች ባለው ነጭ ቦታ ላይ ግን አንድ ሰው በሰማያዊ እርሳስ «17» እና «19.30» ብሎ ጽፏል። የማሳያ ሰዓት ነው። አንድ የሲኒማ ቤት ሠራተኛ ቆሞ ጽፎት፣ ሰዎች አንብበውት ገብተዋል። እኛ ዘንድ የተለጠፈ ወረቀት ላይ ሌላ ይለጠፍበታል እንጂ ማን አንስቶ ያስቀምጠዋል?

ልጁ በላጲስ ላጥፋልህ ሲለኝ «ኧረ በፍጹም!» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። 180 ዝሎቲ ነበር፣ ሳልከራከር ከፈልኩ። አሮጊቷ 20 መለሱልኝና በሁለት ካርቶን መሐል አድርገው በክር አሰሩልኝ።

የመልሱ ጉዞ ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ እንዳቀፍኩ አለቀ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ከመስታወት ሥር ተዘርግቷል። እጥፋቱ ገና አልተስተካከለም፤ ካውያ ግን አላስነካውም። ማታ ማታ መብራቱን አስጠግቼ የማየው ባለ ጃንጥላውን ሳይሆን ያቺን «19.30» ነው፤ ዜሮዋ ላይ እርሳሱ ተጭኖ ወረቀቱን በትንሹ አጎድጉዶታል።