እመቤቴ በጉሬዛ ጩኸት ደረሰችልን

ስሟ የተመሰገነ ይሁን። ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ልጁ በሰላም ከተገኘ ዣንጥላ አስገባለሁ፣ ለሰውም እመሰክራለሁ ብዬ ለመናገሻ ማርያም ተስዬ ነበር።

በመስቀል ሰሞን ከእህቴና ከሰባት ዓመት ልጇ ጋር ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ሱባ ጫካ አጠገብ ባለ ሎጅ አረፍን። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የፅድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው ያስተከሉት ጫካ ነው ይባላል። ከፅዱ መሀል ለሦስት ተያይዘን ልናቅፈው ያልቻልነው አለ።

ልጁ ሲፈነጥዝ ዋለ። ጠቆር ያለ የምኒልክ ድኩላ ከቁጥቋጦ ብቅ ብሎ አፍጥጦ አየንና እንደ ውሻ ጮኾብን ተመልሶ ገባ። ከርከሮም አየን። ልቡን የወሰደው ግን ጉሬዛ ነው፤ ነጭ ጸጉሩን እንደ ካባ ደርቦ ከላይ ቅጠሉን ያመነዥካል። አስጎብኚው ‹‹ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም›› ሲለው የራሱን አውራ ጣት አጥፎ ብስኩት ለመያዝ ሲታገል ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ወደ ማታ 12 ሰዓት ላይ ጉም ወረደ። ደጅ ሲጫወት የነበረው ልጅ ቢጠሩት የለም።

የሎጁ ሠራተኛ ሁሉ ባትሪ ይዞ ወጣ። ጉሙ ግን የባትሪውን ብርሃን ይመልሰዋል። ከማዶ ጅብ ጮኸ። እዚያ ጫካ ነብርም እንዳለ ቀን ተነግሮናል፤ እህቴ ይህን አስታውሳ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩና መሀል ላይ ጠፋብኝ። ከልጅነቴ የማውቀው ጸሎት! አፌ ላይ የቀረው ‹‹እመቤቴ ድረሽልኝ›› ብቻ ነበር፤ ስለቱንም የተሳልኩት ያኔ ነው።

ወዲያው ከቁልቁለቱ በኩል ጉሬዛዎቹ ያንን ወፍራም ድምፃቸውን ለቀቁት። ጫካውን የሚያርገበግብ ማጓራት ነው። ሽማግሌው ጥበቃ እጃቸውን አነሱ።

‹‹ዝም በሉ! ጉሬዛ እኮ ይኼኔ ዛፉ ላይ ተኝቷል። የሚያስጮኸው ከሥሩ ያየው ነገር ነው። ወይ ነብር ነው፣ ወይ ልጃችሁ።››

‹‹አባባ፣ እንሂድ በእመቤቴ!›› አልኳቸው።

ድምፁን ተከትለን ወረድን። ከአንድ ትልቅ ፅድ ሥር፣ ግንዱ የተቦረቦረበት ውስጥ ኩርምት ብሏል። ሹራቡ ላይ የፅድ ቅጠል ተሰክቶበታል፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ከእሱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ባትሪው ላይ ሁለት ዓይን አብረቀረቀ። ጅብ! አባባ በዱላቸው ግንዱን እየመቱ ሲጮኹበት ሄደ።

‹‹ጉሬዛዎቹን ደህና እደሩ ልላቸው ነው የመጣሁት፤ እነሱ ግን ተቆጡኝ›› አለ ልጁ።

ይህን የነገርኩት አንድ ዘመዴ ‹‹የጥበቃው ልምድ ነው›› አለኝ። ልምዳቸውንማ ማን ይክዳል፤ እጃቸውን ስሜ ነው የተለየኋቸው። ግን እሳቸውም ጆሯቸውን አቁመው የሚሄዱበት ጠፍቶባቸው ነበር። ጉሬዛዎቹ ባይጮኹ በዚያ ጉም ወዴት ይሉ ነበር? ያስጮኸቻቸው እሷ ናት፤ ይህን ማንም አያስጥለኝም።

ዣንጥላውን ኅዳር 21፣ በጽዮን ማርያም ዕለት አስገባሁ። ልጁም አብሮኝ ነበር። የቀረኝ ይህ ምስክርነት ነው፤ ይኸው።