ዩሪያን በግማሽ እስክቀንስ ያለፉ ሦስት የሩዝ ወቅቶች

ይህን ሥራ ስጀምር ሐሳቤ ዩሪያውን ቀንሼ በምትኩ ኮምፖስት ማስገባት ብቻ ነበር፤ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ግን ሂሳቡ አልገጥም አለኝ። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ናይትሮጅኑ ከመቶ አንድ እጅ የሆነ ኮምፖስት ይህንኑ ያህል እንዲሰጠኝ 46 ኩንታል ያስፈልገኛል፤ ከዚያም ውስጥ በመጀመሪያው ወቅት ለተክሉ የሚደርሰው ከፊሉ ነው። ስለዚህ ማሳውን በድንበር ለሁለት ከፍዬ፣ በአንደኛው የቀድሞውን መጠን እንዳለ ትቼ በሌላኛው ዩሪያውን ለጅምር በሩብ ቀነስኩ። ማነጻጸሪያ የሌለው ሰው ዝናቡ ያመጣውን ውጤት ለኮምፖስቱ ይሰጣልና።

በመጀመሪያው ወቅት የተሳሳትኩት በገለባው ነው። ገለባ ሲቃጠል ናይትሮጅኑ አብዛኛው በጭስ እንደሚጠፋ፣ ሩዝ ከአፈር የሚወስደው ፖታሺየምም በአብዛኛው ከፍሬው ይልቅ በገለባው እንደሚቀር ስለማውቅ፣ ችግኝ ላዛምት አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ደረቁን ገለባ ከጭቃው ጋር ገልብጬ አረስኩት። የተዛመተው ችግኝ ግን ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ባለበት ቆመ። ማሳው ውስጥ ስራመድ ከእግሬ ሥር አረፋ እየተንቦቀቦቀ ይወጣ ነበር፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። አንዱን ነቅዬ ባጥበው በጤናማ የሩዝ ሥር ላይ የሚታየው የዝገት ቀለም የለም፣ ሥሩ ጠቁሯል። ለካ ገለባ ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ 60 እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከችግኙ ጋር ይሻማሉ፤ አየር ባጣው ጭቃ ውስጥም ሚቴንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባሉ ጋዞች ይፈጠራሉ። ውሃውን አፍስሼ አፈሩ ለጥቂት ቀናት አየር እንዲያገኝ ባደርግ ተክሉ አገገመ፣ ሆኖም በጎኑ ካለው መደብ ጋር መድረስ አልቻለም።

በሁለተኛው ወቅት ገለባውን ከእርጥብ ፍግና ከለምለም ቅጠል ጋር አነባብሬ፣ በየጊዜው እያገላበጥኩ አስቀድሜ አበሰበስኩት። ክምሩ ውስጥ የሰካሁት ዱላ ሲመዘዝ እጅ የማያስይዝ ትኩስ ከሆነ ሥራው በመልካም ሁኔታ እየሄደ ነው፤ ቴርሞሜትር አላስፈለገኝም።

ከሁሉም ያስደነቀኝ አዞላ ነው። ውሃ ላይ የምትንሳፈፈው ይህች ትንሽ ፈርን በቅጠሏ ውስጥ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዝ ሳያኖባክቴሪያ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ታኖራለች፤ በቬትናምና በቻይና ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ተጠቅመውባታል። ሲመቻት በጥቂት ቀናት እጥፍ ትሆናለች፣ ነገር ግን ፎስፈረስ ሲያንሳት ቀልታ ትቆማለች፤ ስለዚህ ፎስፈረሱን ከዩሪያው ጋር አብሬ ለመቀነስ የነበረኝን ዕቅድ ተውኩት። ናይትሮጅኗን በብዛት የምትለቀው ውሃው ጎድሎ ጭቃው ውስጥ ስትቀበር በመሆኑ፣ ተንሳፋ እያየሁ ተክሉን አዳበርኩ ማለቴ ለጊዜው ራሴን ማታለል ነበር።

በሦስተኛው ወቅት የቀረውን ዩሪያ አጠቃቀም ለወጥኩ። በቆመ ውሃ ላይ የተበተነ ዩሪያ ብዙው አሞኒያ ሆኖ ስለሚተን፣ በተክሎቹ መካከል ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ጭቃው ውስጥ መቅበር ጀመርኩ። ወገብ ያጎብጣል፤ ቢሆንም በግማሽ ዩሪያ የታረሰው መደብ በዓይን ከሙሉው የማይለይ ዛላ የቋጠረው ያኔ ነው። ከግማሽ በታች የወረድኩበት ጠባብ መደብ ግን ዛላው ሊወጣ ሲል ቅጠሉ ገረጣ፤ ኮምፖስቱ ናይትሮጅኑን የሚለቀው በራሱ ፍጥነት እንጂ ተክሉ በሚፈልግበት ሰዓት አይደለምና። እዚያ መደብ ላይ አሁን ለምለሟ ታርሳ ለአፈሩ ማዳበሪያ የምትሆነውን ሰስባኒያ ዘርቻለሁ፤ 50 ቀን ገደማ ሲሞላት፣ ግንዷ ሳይጠነክር፣ ችግኝ ከማዛመቴ በፊት ገልብጬ አርሳታለሁ።