ኧርሊ ዲሲዥን ከመፈረም በፊት

አሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት የሚያመለክት ልጅ ያለበት ቤት በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት ላይ አንድ ክርክር አለ፤ ኧርሊ ዲሲዥን (ለአንድ ኮሌጅ በውል ታስሮ ቀድሞ ማመልከት) ይሁን ወይስ ሬጉላር (በመደበኛው ጊዜ ማመልከት)? ብዙ ሰው ክርክሩን የሚጀምረው ከኮሌጁ ስም ነው። መጀመር ያለበት ግን ከገንዘቡ ነው።

ኧርሊ ዲሲዥን ውል ነው። ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚጠቀሙበት የማመልከቻ ድረ ገጽ፣ በኮመን አፕ ላይ፣ ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ይፈርማሉ። ኮሌጁ ከተቀበለው ተማሪው ይገባል፤ ሌላ ቦታ ያስገባውን ማመልከቻ ሁሉ ይሰርዛል። አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ወይም 15 ተዘግቶ መልሱ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ይመጣል። ሬጉላር ጃንዋሪ መጀመሪያ ገደማ ይዘጋል፤ መልሱ እስከ ማርች መጨረሻ ይደርስና እስከ ሜይ 1 የመምረጫ ጊዜ አለ። ኧርሊ አክሽን፣ ማለትም ያለ ውል ቀድሞ ማመልከት፣ ስሙ ቢመሳሰልም አያስርም።

ቤተሰቡ በዓመት መክፈል የሚችለው 8,000 ዶላር ነው እንበል። ኮሌጁ 85,000 ያስከፍላል፣ 70,000 እርዳታ ሰጠ። 15,000 ቀረ፤ ማለትም 7,000 ጎደለ። ሬጉላር ቢሆን ሁለት ሦስት የእርዳታ ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር፣ የአንዱን ይዞም ለሌላው የፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ «እንደገና ይታይልኝ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። በኧርሊ ያለችው አንዲት ደብዳቤ ናት። እርዳታው ካልበቃ ከውሉ መውጣት ይፈቀዳል፤ የምትወጡት ግን የሌሎቹን ዋጋ ሳታዩ ነው።

አሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች፣ የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የኔት ፕራይስ ካልኩሌተር (ከእርዳታ በኋላ የሚቀረውን ክፍያ የሚገምት ማስያ) የታክስ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሙሉት። ኡበር የሚነዳ ወይም ሱቅ ያለው ሰው ውጤቱን በደፈናው አይመን፤ ኮሌጁ የግል ሥራን ገቢና ወጪ በራሱ መንገድ ነው የሚያሰላው። ከመፈረም በፊት ለቢሮው ጽፎ መጠየቅ ይሻላል። አገር ቤት ለወላጅ የምትልኩትን ገንዘብም ሲኤስኤስ ፕሮፋይል (ለእርዳታ የቤተሰቡ ገቢ የሚሞላበት ቅጽ) ላይ ልዩ ሁኔታ በሚጻፍበት ቦታ አስረዱ።

ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ተማሪ ጉዳይ ይለያል። ብዙ ኮሌጆች የውጭ ተማሪ እርዳታ መጠየቁን ለመቀበል ሲወስኑ ከግምት ያስገቡታል። አምኸርስት፣ ቦውዶይን፣ ዳርትመዝና ብራውን ግን ከግምት አያስገቡትም፤ የሚያስፈልገውንም ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ፤ አራቱም ኧርሊ ዲሲዥን አላቸው። እንደ እኔ፣ ሙሉ እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ መፈረም ያለበት እንዲህ ሙሉውን ለሚሸፍን ኮሌጅ ብቻ ነው። «እርዳታ አልፈልግም» ብሎ ገብቶ በኋላ ለመጠየቅ ማሰብ አደገኛ ነው፤ ብዙ ቦታ በሩ ለአራት ዓመት ይዘጋል።

ሌላው ችግር ቀኑ ነው። ኖቬምበር 1 ጥቅምት 22 ላይ ይውላል፤ ትምህርት ከተከፈተ ገና ሳምንታት ብቻ። አማካሪ በሌለበት ትምህርት ቤት የሚፈርሙት ርዕሰ መምህሩ ናቸው፤ ሊንኩ በኢሜይላቸው ይመጣል፣ ስፓም ውስጥ ገብቶ ሊቀርም ይችላል። አጠገባቸው ሆናችሁ አስከፍቷቸው። የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ከክረምት በፊት ማኅተም ይመታበት። ኮመን አፕ የሚዘጋበት 11:59 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5:59 ነው።

ኧርሊ ያልተሳካለት ወይም ውሳኔው ወደ ሬጉላር የተሸጋገረበት ተማሪ ከውሉ ነፃ ነው። አንዳንድ ኮሌጆች ጃንዋሪ የሚዘጋ፣ በፌብሩዋሪ መልስ የሚሰጥ ሁለተኛ ኧርሊ ዲሲዥን አላቸው። ያም እንደ መጀመሪያው ያስራል። ለማንኛውም የሬጉላሮቹ ድርሰቶች ከዲሴምበሩ መልስ በፊት ተጽፈው ይጠናቀቁ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው።